የሱሉልታ ብርድና የመስታወት ውስጥ ዓሣ

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ የወተት ላሞችና ዶሮዎች አሉኝ። ለልጆቼ ብዬ 100 ሊትር የሚይዝ የዓሣ መስታወት ከነማሞቂያው ገዛሁ። ውስጡ ሎች የሚባሉ፣ ብርቱካናማ ሆነው ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ወለል ለወለል የሚሄዱ ሦስት ዓሣዎች አሉ። ሰሞኑን ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣባቸው። አንዱን ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ አገኘዋለሁ። የሸጠልኝ ልጅ መድኃኒት ሰጥቶኛል፤ ልጨምረው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ መድኃኒቱን እንዳለ አትገልብጠው። የሎች ቅርፊት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለሌላ ዓሣ የተመጠነው ለእሱ ይበዛበታል። ጨውም አይስማማውም።

የተጋደመው አያስደንግጥህ። ምግብ ሲመጣ ብድግ የሚል ከሆነ ተኝቶ ነው። የዚህ ዓሣ አመሉ ነው፤ ስንቱን ሞተ ብለው ያወጡት ይሆን!

ነጩ ነጠብጣብ ግን በሽታ ነው። ቆዳ ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን ተባይ ነው የሚያመጣው። ተባዩ ከጠገበ በኋላ ወደ ወለል ይወርድና ይባዛል፣ ልጆቹ ደግሞ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒትም ሆነ ሙቀት የሚገድለው በዋና ላይ እያሉ ብቻ ነው። ነጠብጣቡ ጠፋ ብለህ በሦስተኛው ቀን ካቆምክ ተመልሶ ይመጣል።

መነሻው ብርዱ ይመስለኛል። ይሄ ዓሣ የሱማትራና የቦርኒዮ ተወላጅ ነው፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። (እኛም ጣና ላይ የራሳችን ትንሽ ሎች አለን፣ ሳይንሳዊ ስም የወጣለት በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይሄኛው ግን ብርድ አያውቅም።) አንተ ያለኸው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርን ሌሊት ላንተ አልነግርህም። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት መልሶ ይሞቃል፤ ዓሣውን አቅም የሚያሳጣው ይሄ ወጣ ገባ ነው።

ስለዚህ ሙቀቱን በየጥቂት ሰዓቱ አንድ ዲግሪ እየጨመርክ 30 አድርሰው። ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም 10 ቀን ያህል እዚያው ይቆይ። ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል፤ አየር የሚነፋው ፓምፕ ቀንም ሌሊትም ይሥራ። መብራት ከሄደ መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተወው። ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀህ አንሳፍበት። ውሃውን በኩባያ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ ማፍሰስም አየር ያስገባል፤ ልጆቹ ይወዱታል።

በዚህ ካልተሻለው ያን ጊዜ መድኃኒቱን በግማሽ ስጠው። ማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ ቀድመህ አውጣው፣ መድኃኒቱን ይመጥብሃል።

ወለሉ ላይ ያነጠፍከውንም ተመልከት። ቀይ አሽ ወይም የግንባታ ጠጠር ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። ሎች እንደ አምባዛ ጺም አለው፤ ምግቡን የሚፈልገው በዚያ ጺም ወለሉን እየዳሰሰ ነው፣ ስለታም ድንጋይ ደግሞ ይቆርጥበታል። ውሃው እስኪጠራ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይሻላል። የተሰበረ ገንቦ ካለህ ጠርዙን ሞርደህ አስገባለት፣ መደበቂያ ካላገኘ ይጨነቃል። ስታወጣው በመረብ ሳይሆን በሰፊ ዕቃ ቅዳው፤ ከዓይኑ ሥር እሾህ አለው፣ መረቡ ላይ ይያዛል።

ውሃ ስትቀይር ሩቡን ብቻ ቀይር። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ባልዲ ውስጥ ከፍተህ አሳድረውና አሙቀህ ጨምር። ምግብ ማታ ማታ ስጠው፣ የሚሰምጥ ይሁን። ከፍግ ክምርህ ሥር ያለውን የመሬት ትል አጥበህ ከትፈህ ብትሰጠው ደስ ይለዋል፤ ላሞቹ ሰሞኑን የትል መድኃኒት ወስደው ከሆነ ግን ይቅር።

አንድ የቀረ ነገር። ይሄ ዓሣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ከ20 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል፣ ቢያንስ አምስት ሆኖ ነው ደስ የሚለው። 100 ሊትር ለጊዜው እንጂ አይበቃውም። ሲጠብበት ወንዝ ውስጥ እንዳትለቀው፣ በሽታውን ይዞ ይወርዳል። ሻጩን መልሰህ ውሰድ በለው፤ እምቢ ካለ ትልቅ መስታወት ላለው ሰው ስጠው።