ለምርምር ወደ አውሮፓ ለምትሄዱ፦ ስለ አንዲት መስከረም 21

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አውሮፓ ውስጥ የዶክትሬት ጥናቱን ለመጨረስ ጥቂት ወራት የቀሩት አንድ ልጅ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይሠራል። ክረምቱን ባሕር ዳር መጥቼ ናሙና ልሰብስብ አስቤያለሁ፤ ችግር ይኖረው ይሆን?» ይላል። መልስ ሳልሰጠው ሦስት ቀን ቆየሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ይህንኑ ጠይቃኝ «ምን ችግር አለው፤ ሥራሽን ጨርሰሽ ተመለሺ» ብያት ነበር። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምታጠናው ነጭ ዓሣ ነበር፤ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለውን፣ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች ያሉትን። ይህ ዓሣ ወንዞቹ ሲሞሉ እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣል። ናሙናው የሚገኘው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው፤ ካመለጠ ዓመት መጠበቅ ነው። ስለዚህ በሐምሌ መጣች። ጉማራን በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጎንደሩ መንገድ ከወጡ በኋላ ጭቃው መኪና አያስገባም፣ የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ በእግር ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፤ ዓሣውም ዘገየ። ነሐሴ እየተገባደደ የሰበሰበችው ካሰበችው ግማሽ እንኳ አልሞላም። መስከረምን ልቆይ ወይስ ልመለስ ብላ የጠየቀችኝ ያኔ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷ ላይ የተጻፈው ቀን ኦክቶበር 31 ነበር፤ በእኛ ጥቅምት 21። ከሚያስተናግዳት የምርምር ተቋም ጋር የተፈራረመችው የአስተናጋጅነት ስምምነትም የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነው። ፕሮፌሰሯ «ስድስት ወር እናራዝምልሻለን፣ አታስቢ» ብለው ኢሜይል ጽፈውላታል። ያ ባይሳካ ደግሞ ምርምሩን የጨረሰ ሰው ሥራ ለመፈለግ ቢያንስ ዘጠኝ ወር እዚያው እንዲቆይ የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ይፈቅዳል። ሁለት በር ክፍት መስሎ ታየን። መስቀልን ከእናቷ ጋር ዋለች፤ ናሙናዋን አሟልታ በጥቅምት መጀመሪያ ሄደች።

ያላየነው ይህን ነው። የዘጠኝ ወሩ ፈቃድ በማመልከቻ እንጂ በራሱ አይመጣም። ሕጉ ደግሞ አገሮች ማመልከቻው ነባሩ ፈቃድ ከማብቃቱ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ እንዲገባ መጠየቅ ይችላሉ ይላል። እሷ የነበረችበት አገር ይጠይቅ ነበር። ከኦክቶበር 31 ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ኦክቶበር 1 ነው፣ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት። በዚያች ዕለት እሷ ጉማራ ዳር መረብ እያስነሣች ነበር። ካርዱ ገና አንድ ወር ይሠራል፤ ቀነ ገደቡ ግን ያን ቀን አለፈ። ተመልሳ ስታመለክት ዘግይተሻል ተባለች። የፕሮፌሰሯም ማራዘሚያ ገንዘቡ ስላልጸደቀ ኢሜይል ሆኖ ቀረ።

በዚህም አላበቃም። በሌላ ከተማ ያለ ቤተ ሙከራ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሊወስዳት ፈለገ። እዚያው እያለች ቢሆን ፈቃድ መለወጥ ነበር፤ አሁን ግን አገር ቤት ገብታ፣ አዲስ ስምምነት ተልኮላት፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዛ ከዜሮ መጀመር ሆነ። ውሳኔ በ90 ቀን ውስጥ ይሰጣል ይላል ሕጉ። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ማመልከቻው ከተሟላ በኋላ ነው፤ የጎደለ ነገር ከተገኘ እስኪሟላ ድረስ ቆጠራው ይቆማል። የእሷ ቆመ። የማስተርስ ዲግሪዋና ፓስፖርቷ ላይ የአባቷ ስም በላቲን ሲጻፍ በአንድ ፊደል ይለያያል። ያንን ሲያስተካክሉ ወራት ሄዱ፤ የቤተ ሙከራው በጀት በዓመቱ የታሰረ ስለነበር ሌላ ሰው ቀጠሩ። እሷ ዛሬ እዚሁ ከተማ ታስተምራለች። ናሙናዎቹ እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው።

ማመልከቻ በጊዜ አስገቡ፣ ኮፒ አስቀሩ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ያንን ሁሉም ይነግራችኋል። እኔ የምላችሁ በዚያ አገር መቆማችሁ የተንጠለጠለው ከካርዱ ይልቅ በአስተናጋጅነት ስምምነቱ ላይ መሆኑን ነው። በተቋሙና በእናንተ መካከል ያለው ግንኙነት ከተቋረጠ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ተቋሙም ለባለሥልጣኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ካርዱ ላይ የቀረው ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። የምርምሩ ርዕስ ወይም ዘርፍ፣ ተቋሙ እንደሚያስተናግዳችሁ፣ እናንተም ሥራውን ለመፈጸም እንደምትጥሩ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ወደ ሌላ የሕብረቱ አገር ለሥራ የምትሄዱ ከሆነም ያ ጭምር ሊጻፍበት ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀኑ ላይ ነው። ገንዘቡ ለ36 ወር ሆኖ ሳለ ጸሐፊዋ ካለፈው ቅጽ ቀድታ 24 ትጽፋለች፤ ማንም ሳያየው ፈቃዱም በ24 ይወጣል። ሌላው ደግሞ ፓስፖርት ነው፤ ከስምምነቱ ቀድሞ የሚያበቃ ፓስፖርት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ብዙ አገሮች ካርዱን በፓስፖርቱ ልክ ያሳጥሩታል።

አስተናጋጆች ማራዘሚያ ሲጠየቁ ለምን እንደሚያመነቱ የማይገባችሁ አላችሁ። ፕሮፌሰሩ ቢወዷችሁም ፊርማው የተቋሙ ነው። ተመራማሪው ፈቃዱ አብቅቶ በሕገ ወጥ መንገድ ቢቀር፣ ለመቆያውና ለመመለሻው የወጣውን የሕዝብ ገንዘብ ተቋሙ እንዲከፍል አገሮች ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ይህ ኃላፊነት የሚያበቃው ቢዘገይ ስምምነቱ ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ባዶ ቃል አትጠይቁ፤ ማራዘሚያው የተፈረመበትን ወረቀት፣ ወይም ገንዘቡ የሚጸድቅበትን ቀን ጠይቁ።

ይህ የምነግራችሁ ሕግ በፈረንጆች 2016 የወጣው የሕብረቱ መመሪያ ነው፤ ቁጥሩ 2016/801። ዴንማርክና አየርላንድ አይገዙበትም፤ አየርላንድ የራሷ የአስተናጋጅነት ስምምነት ሥርዓት አላት። ስዊዘርላንድና ብሪታንያም ከዚህ ውጭ ናቸው። መመሪያውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ስለሚያስገባው ዝርዝሩ ይለያያል። ጣሊያን ከገባችሁ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። ጀርመን ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ታስመዘግባላችሁ። ፈረንሳይ እንደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገለግለውን ረጅም ቪዛ በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት ታጸድቃላችሁ። ታዲያ አንዱ የጓደኛውን ልምድ ከሌላ አገር ወስዶ ሲሠራበት አያለሁ። የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፤ እኛ በደብዳቤ ሁለት ወር የምንጠብቀውን በአንድ ሌሊት ታገኛላችሁ። ነገር ግን ከቴሌግራም ግሩፕ የተላከ የስክሪን ፎቶ ከባለሥልጣኑ ደብዳቤ በላይ ማመናችሁ ያሳዝነኛል። ፎቶው ላይ ቀን የለውም፣ አገርም የለውም።

እንደ ተመራማሪ ለመግባት ዶክተር መሆን ግዴታ አይደለም፤ ወደ ዶክትሬት የሚያስገባ ዲግሪ ይበቃል። ለዶክትሬት ስትሄዱ «ተማሪ» ወይስ «ተመራማሪ» ተብሎ እንደሚወጣላችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ። ልዩነቱ የስም አይደለም። ለረጅም ጊዜ ነዋሪነት አምስት ተከታታይ ዓመት ሲቆጠር የተማሪ ፈቃድ ዓመቶች በግማሽ ነው የሚያዙት። በዚያ ቆጠራ ውስጥ ከስድስት ተከታታይ ወር በታች፣ በአምስቱ ዓመት በድምሩም ከአሥር ወር ያልበለጠ መቅረት ብቻ ይፈቀዳል፤ በየክረምቱ ሦስት ወር ጣና ላይ የሚሠራ ሰው በአራተኛው ዓመት አሥሩን ወር ያልፋል። የተመራማሪ ቤተሰብም አብሮ የመሄድና የመሥራት መብት አለው። በሌላ የሕብረቱ አገር ለሥራ መቆየትም በተመራማሪ ፈቃድ ይቀላል፤ በአንድ አገር በማንኛውም 360 ቀን ውስጥ እስከ 180 ቀን፤ አንዳንዱ አገር ግን አስቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ስም ልመለስ፤ ከዚህ ከባሕር ዳር ሆናችሁ ልታስተካክሉት የምትችሉት ትልቁ ነገር እሱ ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። ፓስፖርቱ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል፤ ዲግሪው አንዳንዴ እስከ አባት ብቻ ይጽፋል፤ የልጃችሁ የልደት ካርድ ደግሞ የእናንተን ስም ከኋላ አድርጎ ይመጣል። ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ለመሆናችሁ ማስረጃ ይጠይቃል። ላቲኑም አለ፤ ወርቅነሽ፣ ፀሐይ፣ ጌታቸው በስንት ዓይነት እንደሚጻፉ ታውቃላችሁ። ዲግሪያችሁን ስትቀበሉ ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ እንዲሆን ለሬጅስትራር አመልክቱ፤ ካለፈም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ አሠርታችሁ፣ አስተርጉማችሁ፣ አረጋግጣችሁ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር አያይዙ። ሲጠየቅ እሰጣለሁ ያለ ሰው ቆጠራውን በራሱ ላይ ያስቆማል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት እስከ ታኅሣሥ 21) የተወለደ ልደቱ ወደ ፈረንጅ ዘመን ሲመለስ 7 ዓመት ይጨመርለታል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ሁሉንም በ8 የሚቀይር ተርጓሚ አጋጥሞኛል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1986 ዲሴምበር 14 ቀን 1993 ነው፤ 1994 ተብሎ ከተተረጎመ ፓስፖርቱና የልደት ካርዱ የሁለት ሰው ይሆናሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ አብዛኞቻችሁ የልደት ካርዱን ያወጣችሁት አድጋችሁ ነው፤ ቀኑ ከትምህርት ማስረጃው ጋር መስማማቱን እዩ።

ነባሩ ፈቃድ ሳያበቃ ላመለከተ ሰው ብዙ አገሮች የመጠበቂያ ወረቀት ይሰጣሉ። ይህ ወረቀት እዚያ ያኖራል፤ ወደ አገር ቤት ደርሶ መመለስን ግን ሁልጊዜ አይፈቅድም። በጀርመን ነባር የመኖሪያ ፈቃዱን ለማደስ ያመለከተ ሰው የሚሰጠው መልሶ ያስገባል፤ ያለ ነባር ፈቃድ ላመለከተ የሚሰጠው ዓይነት ግን አያስገባም። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ልዩነቱ ውስጡ ምልክት በተደረገበት አንቀጽ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የትኛው እንደተመለከተ አሳዩ።

ስለዚህ በፈቃዳችሁ የመጨረሻ ስድስት ወር ወደ አገር ቤት አትምጡ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ግን የእሷ እናት በቀጣዩ ዓመት ማረፋቸው ትዝ አለኝ። ያ መስቀል አብረው የዋሉት የመጨረሻው ነበር። እናታችሁ ከታመመች ኑ። ያኔም ቢሆን ማመልከቻውን አስገብታችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ።

አንተ የጠየቅኸኝ ልጅ፦ ክረምቱን እዚያው ቆይ። የፕሮፌሰርህን የማራዘሚያ ወረቀት እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጠብቅ፤ ካልተፈረመ ምርምሩን ስለማጠናቀቅህ ከተቋሙ ደብዳቤ፣ የጤና መድንና የመተዳደሪያ ገንዘብ ማስረጃ ይዘህ የዘጠኝ ወሩን በሴፕቴምበር መጀመሪያ አስገባ። ናሙናውን በተመለከተ፣ ጉማራ ላይ መረብ የሚጥሉትን ልጆች እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ ለክረምቱ ኃላፊነት የሚወስድ ተመራማሪም ከዚህ አይጠፋም። ለብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚቀርበውን የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ ማመልከቻ ግን ዛሬውኑ ጀምረው፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ያለ እሱ አንዲት ቁራጭ የዓሣ ክንፍ ከአገር አትወጣም። የስምምነትህንና የካርድህን ፎቶ ላክልኝ፤ ሁለቱ ላይ ያሉትን ቀኖች አብረን እንቁጠራቸው።