መጽሐፉን ገዛችሁ፣ የመድረኩ ፈቃድስ?

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ሳለሁ በሚኒ ሚዲያ ቲያትር እንሠራ ነበር። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ቡድን መሥርተን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ትኬት ሸጠን ልናሳይ ነው። ተውኔቱ የታተመ ነው፤ መጽሐፉን ገዝተናል። ደራሲው በ1995 አርፈዋል። ጓደኞቼ ‹‹ምን ችግር አለው?›› ይላሉ። ቲያትር እንጀራዬ ይሆናል?

እህቴ፣ ይሆናል። ጓደኞችሽ ግን ተሳስተዋል።

መጽሐፉን ስትገዙ የእናንተ የሆነው ያ አንድ ቅጂ ነው። ተውኔቱን ሕዝብ ፊት ማቅረብ ራሱን የቻለ መብት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት ለደራሲው ሰጥቶታል። ሚኒ ሚዲያ ላይ ችግር ያልገጠማችሁ፣ በቤተሰብ መሀል ወይም በትምህርት ቤት በነፃ የሚቀርብን ሥራ ሕጉ ስለሚፈቅድ ነው። ትኬት የሚቆረጥበት አዳራሽ ሌላ ነው።

የደራሲው ማረፍም ነገሩን አይለውጠውም። ጥበቃው ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ እስከ 2045 ማለት ነው። እስከዚያ የምትጠይቁት ወራሾቻቸውን ነው።

አንድ የማውቀው ቡድን ሁለት ወር ተለማምዶ፣ ፖስተር ለጥፎ፣ ትኬት ሸጦ ነበር። ዋዜማው ላይ የደራሲው ልጅ ለአዳራሹ ባለቤት ደወለች። በቃ፣ ቀረ። ልጆቹ ትኬቱን እየመለሱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ጎበዝ ተዋንያን ነበሩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፖስተር ከማሳተማችሁ በፊት መጽሐፉ ላይ ባለው የአሳታሚ ስልክ ደውዪና ወራሾቹን አፈላልጊ። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም ‹‹አንተ›› እያልን አድገናል፤ እዚህ ላይ ግን ‹‹እርስዎ›› በዪ። እሺ ካሉሽ ደግሞ በቃል አትመኚ፣ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ጊዜ እንደምታሳዩ፣ የት፣ ከትኬቱ ስንት እንደሚደርሳቸው ይጻፍ። አንድ ትዕይንት ለማሳጠር ካሰባችሁም ንገሪያቸው፤ ሥራው እንዳይዛባ መጠበቅም የደራሲው መብት ነው። ቀርፆ ዩቲዩብ ላይ መጫን ለብቻው የሚፈቀድ ነገር ነውና እሱንም አስገቢ። ሁለቱም ወገን ይፈርም፤ አንድ ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር።

ይህን ሥራ ቡድኑ ውስጥ አንቺ ያዢው። ተዋናይ ሞልቷል፤ ፈቃድ የሚያስጨርስ፣ ውል የሚያነብ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። እንጀራሽ በዚህም በኩል ሊመጣ ይችላል።

የራሳችሁን ድርሰትም ጀምሩ። ወረቀት ላይ ካሰፈራችሁት ባይመዘገብም ሕጉ ይጠብቀዋል። ያኔ ፈቃድ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።