«ሉዶልፍ» የሚለው ስም ትርጉምና ምንጭ

እህታችን፣ የጀርመናዊው ባለቤትዎ ቤተሰብ የሚወለደው ልጅ በአያቱ ስም «ሉዶልፍ» ተብሎ እንዲጠራ መፈለጉን ገልጸው፣ ስሙ «ዝነኛ ተኩላ» ማለት ነው መባሉ እውነት እንደሆነና ለልጅ ይስማማ እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚህ ጀርመን አገር የልደትና የጋብቻ ሰነዶችን በመተርጎም ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለቆየሁና የስሞች ታሪክ ስለሚመስጠኝ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

«ተኩላ» የሚለው ትክክል ነው፤ «ዝነኛ» የሚለው ግን ሉዶልፍን ከሉድቪግ ጋር ከማምታታት የመጣ ይመስለኛል። ዝናን የሚያመለክተው የሉድቪግ መነሻ ነው። ሉዶልፍ ግን በሰሜን ጀርመን ይኖሩ በነበሩት ጥንታውያን ሳክሶኖች ዘንድ «ሊዩዶልፍ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ «ሊዩድ» ማለት ሕዝብ ሲሆን፣ ዛሬ በየቀኑ ሰዎችን «ሎይተ» የምንልበት የጀርመንኛ ቃል ከዚያው ሥር የወጣ ነው። አዶልፍ ከሚለው የሂትለር ስም ጋር የሚጋራው ደግሞ መጨረሻውን፣ ማለትም ተኩላን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ሥጋት አይግባዎት።

የጥንት ጀርመኖች ብዙውን ጊዜ አንዱን ክፍል ከአባት፣ ሌላውን ከእናት ወገን ስም ወስደው ያጋጥሙ ስለነበር፣ ሁለቱን አያይዞ «የሕዝብ ተኩላ» ብሎ መፍታት አያስፈልግም። ተኩላም በእነርሱ ዘንድ፣ አንበሳ በእኛ ዘንድ እንደሚወደሰው ሁሉ፣ የጦረኛ ክብር ነበረው።

ስሙን የተሸከሙት ሰዎችም የሚያኮሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ866 ያረፈው የሳክሶኑ መስፍን ሊዩዶልፍ፣ በ962 የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫነው የቀዳማዊ ኦቶ ቅድመ አያት ሲሆን፣ ኦቶም ለልጁ ይህንኑ ስም አውጥቶለታል። የሂልደስሃይም ተወላጅ የሆነው ሉዶልፍ ፋን ኮይለን ፓይ የተባለውን ቁጥር (የክብ ዙሪያ ለስፋቱ ያለውን ንጻሬ) እስከ 35ኛው የአስርዮሽ ቤት ድረስ ስላሰላው፣ ጀርመኖች ቁጥሩን በስሙ ይጠሩታል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርቡት በ1624 በኤርፉርት የተወለዱት ሂዮብ ሉዶልፍ ናቸው። በ1652 በወሎ የመካነ ሥላሴውን ካህን አባ ጎርጎርዮስን በጎታ ቤተ መንግሥት ተቀብለው ግዕዝንና አማርኛን ከእርሳቸው ተምረዋል፤ በ1698ም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳትመዋል። ሉዶልፍ የቤተሰባቸው ስም ነው፤ «ሎይትሆልፍ» ተብሎም ይጻፍ ስለነበር፣ «ሎይተ» የሚለው ቃል በውስጡ በግልጽ ይታያል። ከአንድ የወሎ ካህን ጋር አብሮ የሚነሣ ስም በእናትም በአባትም በኩል ላለው ዘመድ እኩል የሚነገር ታሪክ ስላለው፣ እኔ ብሆን ያለ ማመንታት እቀበለው ነበር።

ዛሬ ስሙ ለሕፃናት እምብዛም ስለማይወጣ ልጁ እንግዳ እንዳይሆንበት ከሰጉ፣ ሕጉ ከአንድ በላይ መጠሪያ ስለሚፈቅድ የአማርኛ ስም አስቀድመው ሉዶልፍን ሁለተኛ ማድረግ ይችላሉ። የአማርኛው ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ግን ከመመዝገቡ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ፤ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ፊደል ማስለወጥ ብዙ ያመላልሳል።