ማንም የማያስነሳው ታይመር

ሰላም ወንድሜ። የቆየ የሊኑክስ ኔትወርክ ድራይቨር እያጸዳህ ነው፤ ስትራክቱ (የድራይቨሩ መረጃ የሚቀመጥበት መዋቅር) ውስጥ ጥቅሙ ያልታየህ ታይመር፣ ማለትም ጊዜው ሲደርስ አንድ ፈንክሽን የሚያስጠራ ነገር፣ አለ፤ «ላጥፋው ወይ?» ነው ጥያቄህ።

ብዙ ጊዜ አዎ። ግን መጀመሪያ ማን እንደሚያስነሳው ፈልግ። «ታይመር ሴትአፕ» የሚባለው ፈንክሽን ያዘጋጀዋል እንጂ አያስነሳውም። በዋናነት የሚያስነሱት «አድ ታይመር» እና «ሞድ ታይመር» ናቸው። ስትፈልግ «ሞድ ታይመር» ብታገኝም አትቸኩል፣ የት እንዳለ እይ። የቆዩ ድራይቨሮች ላይ ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር፣ ጥሪው ያለው ራሱ ኮልባኩ (ጊዜው ሲደርስ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ኮልባኩ አንዴ ከተነሳ ራሱን በየሰከንዱ ያስቀጥላል፤ የመጀመሪያዋን ጥሪ የሚያደርግ ግን የለም። እንዲህ ያለው ኮድ አንድም ቀን አይሠራም፤ ያለ ስጋት ይውጣ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው እየሠራ የማያስፈልገው ነው። ለምሳሌ ኬብሉ መሰካቱን በየሰከንዱ የሚያይ ታይመር። ድራይቨሩ ፋይሊብን (የኬብሉን ግንኙነት የሚከታተል የከርነሉ ላይብረሪ) የሚጠቀም ከሆነ፣ ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ራሱ የሚልከው ምልክት) በሌለበት ፋይሊብ ራሱ በየሰከንዱ ያያል፤ ለውጥ ሲኖርም ድራይቨሩን ይጠራል። ታይመሩ ያንኑ ሥራ ይደግማል ማለት ነው። ፓኬት መላክ ሲቆም የሚያነቃ ታይመርም እንደዚሁ ነው፤ ከርነሉ መላክ መቆሙን የሚከታተል የራሱ ዋችዶግ አለው፣ ካልቀየርከው 5 ሰከንድ ይጠብቃል።

አንድ ነገር አደራ! ታይመሩ የገባበትን ኮሚት (በኮዱ ታሪክ ውስጥ የተመዘገበውን ለውጥ) ሳታነብ አትንካው። ሃርድዌሩ አንዳንዴ ኢንተራፕት ስለሚያመልጠው የገባ ከሆነ ተወው። ያ ትርፍ ኮድ አይደለም።

ስታጠፋ ከስትራክቱ ጀምር። ፊልዱን ስታወጣው ኮምፓይለሩ የቀሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ ያሳይሃል፦ ማዘጋጃውን፣ ማቆሚያውን፣ ኮልባኩን። ሁሉንም በአንድ ፓች አውጣ፤ የስፔስ ማስተካከያ አትቀላቅልበት፣ ገምጋሚው ይሰለቻል።

የሚቀሩ ታይመሮች ካሉ እንዴት እንደሚቆሙ እይ። ሜሞሪው ከመለቀቁ በፊት መቆም አለባቸው። ኮልባኩ የሚይዘውን ሎክ ይዘህ፣ ኮልባኩ እስኪጨርስ ጠብቆ ታይመሩን የሚያቆመውን «ዴል ታይመር ሲንክ»ን ከጠራህ፣ ያንተ ኮድና ኮልባኩ እየተጠባበቁ ይቀራሉ። ከከርነል 6.15 ወዲህ ስሙ «ታይመር ዲሊት ሲንክ» ሆኗል፣ በድሮው ስም ከጻፍክ ኮምፓይል አያደርግም። ዳግም እንዳይነሳ ለዘለቄታው ለመዝጋት ደግሞ ከ6.2 ጀምሮ «ታይመር ሻትዳውን ሲንክ» አለ።

ከመላክህ በፊት ትራፊክ እያለፈ ኬብሉን ንቀል፣ ሰካ፤ ኢንተርፌሱን አውርድ፣ አንሳ፤ በመጨረሻም ሞጁሉን አውጣና ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች) አንብብ።