ሁሉም ተከፈተ፣ እኔስ ለምን ፈራሁ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም.

ለኮሮና የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካበቃ ከወር በላይ ሆኖታል። ጥያቄዎቻችሁ የበዙት ግን አሁን ነው። ባለፈው መጋቢት፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ሰሞን፣ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። ፌጦ ያድናል ወይ? ነጭ ሽንኩርትስ? አሁን የሚመጣው ጥያቄ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። አንዷ «ተመስገን፣ ተነፈስኩ» ትላለች። ሌላዋ ከቤት መውጣት ጭንቅ ሆኖባታል። ሁለቱም የሚኖሩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። እኛ ጋ እንደ ሌላው አገር ሁሉም ነገር ተጠርቅሞ አልተዘጋም። ወፍጮ ቤቱም ሱቁም ይሠራ ነበር። በትእዛዝ የተዘጋው ትምህርት ቤቱ፣ ጭፈራ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱና የመሳሰለው ነው። ሌላውን የዘጋው ደንበኛ ማጣት ነው። ቦሌና ፒያሳ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ዳር ላይ ያለችው ምግብ ቤት ምሳ የሚበላላት አጣች። ስለዚህ አሁን በራቸውን ከከፈቱት ብዙዎቹን ዝጉ ያላቸው አልነበረም፣ ክፈቱ ያላቸውም የለም። በራሳቸው ፍርድ ነው የከፈቱት። ከምታነቡት ጭንቀት ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ጀበና ቡና አፈላለሁ። ሚያዝያ ላይ አቁሜ መስከረም ላይ ጀመርኩ። ደንበኞቼ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ። ‹ያለ ማስክ አገልግሎት የለም› የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ የሚያነበው የለም። ብናገር ይቀየሙኛል። ዝም እንዳልል ቤት እናቴ አለች፣ ስኳር አለባት።»

እህቴ፣ ማስክ አድርጎ ቡና የጠጣ ሰው የለም። በወረቀቱ ላይ ብዙ አትድከሚ። አቀማመጡ ላይ ነው መበርታት ያለብሽ። በርጩማዎቹን ከውስጥ አውጥተሽ ውጭ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ አድርጊያቸው። መመሪያው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ይላል። በርጩማዎቹን ራስሽ በዚያ ልክ ካስቀመጥሽ ከማንም ጋር መጨቃጨቅ አይኖርብሽም። ሰው የተቀመጠለት ላይ ነው የሚቀመጠው። አንቺ ግን ማስክሽን ከአፍንጫሽ አታውርጂ። ቀኑን ሙሉ ከሁሉም ጋር የምታወሪው አንቺ ነሽ።

ሲኒውን በአንድ ሳህን ውሃ እያለቀለቁ መመለስም ይቅር። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ጀሪካን መሸመት ውድ ነው። ግን ጀበናው ሲጣድ ጎን ለጎን አንድ ማሰሮ ውሃ ማፍላት ትችያለሽ። ሌላው፣ ስለ እናትሽ ለደንበኞችሽ ንገሪያቸው። «ሕጉ ነው» ስትያቸው የሚከራከሩሽ ሰዎች «እናቴ ስኳር አለባት» ስትያቸው ዝም ይላሉ። ማታ ስትገቢ ልብስሽን ቀይረሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ ሳሚያት። መሳሙንም ለጊዜው ብትተዪው ጥሩ ነው።

«ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ታክሲው ወንበሩን ሙሉ ይጭናል። ሒሳቡ ግን እንደዚያ ጊዜው ነው። ረዳቱን ስጠይቀው ‹ካልተመቸህ ውረድ› አለኝ።»

ሒሳቡ የጨመረው በግማሽ ወንበር ስለሚጫን ነበር። ወንበሩ ከሞላ ምክንያቱ የለም። ረዳቱን ተወው። ሰሌዳውን ጻፍና ተራ አስከባሪው ወይም የትራንስፖርት ተቆጣጣሪው ጋ ሂድ። ብቻህን ስትናገር ረባሽ ትባላለህ፣ ሦስት ሆናችሁ ስትናገሩ መልሱ ይመጣል። መስኮቱንም ክፈቱት። «ብርድ ነው» የሚሉትን ሰዎች በዚህ ዓመት እንኳ ብንታገሣቸው ደግ አይመስለኝም።

«ሰኔ ላይ የጎረቤታችን ባል አረፉ። በኮሮና አይደለም፣ በቆየ ሕመም ነው። የሚለየን አንድ ደረጃ ነው። ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ፈርቼ አልሄድኩም። ባለቤቴ ብቻ በር ላይ ቆሞ ‹እግዜር ያጽናሽ› ብሎ ተመለሰ። አሁን ሱቅም ገበያም እወጣለሁ። እሷን ሳይ ግን መንገድ እቀይራለሁ። ይሄን ሁሉ ወር ቆይቼ አሁን ምን ብዬ እገባለሁ?» (ከጀሞ)

ከደረሱኝ ሁሉ ይሄኛው ነው የከበደኝ። እንዲህ ያለ ዕዳ የተሸከመ ሰው በየብሎኩ አለ።

ያኔ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ክልክል ነበር። እድሩ እንደ ወትሮው ድንኳን መትከልና ሰው መሰብሰብ አልቻለም። በፊት ቢሆን ሐዘንተኛዋን ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየገባ «እንዴት ሆነ?» ይላታል፣ እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ ትናገራለች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ሐዘኑን ትንሽ የሚያቀልላት ያ ነበር። ጎረቤትሽ ይሄን አላገኘችም። ባሏን በጥቂት ሰው ቀብራ ባዶ ቤት ገባች። የጎደላት ሰሚ ነው። አንቺን ብቻ ለይታ የተቀየመች አይመስለኝም።

ስለዚህ ሂጂ። በዓል አትጠብቂ፣ በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን። ቡናና ስኳር፣ ወይ ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። ስትገቢ ስለ እርግዝናሽ ማስረዳት አትጀምሪ፤ እሷም እርጉዝ እንደነበርሽ ታውቃለች። «ሳልደርስልሽ ቀረሁ» በያትና ተቀመጪ። ከዚያ ስለ ሟቹ ጠይቂያት። ታወራለች። ማስክሽን አታውልቂ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ማስክ አድርጎ ማልቀስ እንደሚቻል በዚህ ዓመት ሁላችንም ተምረናል።

ልትቆጣሽ ትችላለች። «አሁን ነው የታየሁሽ?» ብትልሽ ዋጥ አድርጊው። ወቀሳ ለማይመለስ ሰው አይነገርም።

እና አንድ ሌላ ነገር። እሷም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትልሽ አልመጣችም ይሆናል። ገንፎውን አልበላችም። ያም እሷን ከብዷት ሊሆን ይችላል፣ ዕዳው የጋራ ነው። ልጁን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ግን ብቻሽን አንድ ጊዜ ግቢ። ታኅሣሥ ላይ የሟቹ መንፈቅ ይደርሳል። ለሱ ዝግጅት እንጀራ ልጋግር በያት። መመሪያው አሁንም ከ50 ሰው በላይ አትሰብስቡ ስለሚል ድግሱ ትንሽ ነው የሚሆነው። ከጥቂቶቹ አንዷ አንቺ ሁኚ።

«ሰው ሁሉ እየተጨባበጠ፣ እየተሳሳመ ነው። የሞተ የለም። ለምን ታስፈራሩናላችሁ? በሽታው ፖለቲካ ነው።» (የለገጣፎ ወጣት)

በአገራችን በምርመራ የተገኘው ሰው ወደ 90 ሺህ ደርሷል። ሚሊኒየም አዳራሽን የምታውቀው በኮንሰርትና በባዛር ይሆናል፤ ዘንድሮ አልጋ ተደርድሮበት የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆኗል። አንተ ምንም ላይሰማህ ይችላል። ብዙ ወጣት ይዞት ሳይሰማው ያልፋል። ችግሩም እሱ ነው፣ ሳታውቀው አባትህ ጋ ታደርሰዋለህ። መሰልቸትህ ግን ይገባኛል። ሰባት ወር ረጅም ነው። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ 8335 ነጻ ስልክ ነው፣ ያኔ ስለ ፖለቲካው ማንም አይጠይቅህም።

«አስኮ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። በእነዚያ ወራት ለሰፈሩ ሰው በዱቤ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ ስሰጥ ቆየሁ። ደብተሩ ሞልቷል። አሁን ሥራ ሲጀመር ሰዎቹ በሌላ መንገድ ያልፋሉ፣ እንዲያውም እታች ካለው ሱቅ በጥሬ ይገዛሉ። አከፋፋዩ እኔን ይዞኛል። ስማቸውን በር ላይ ልለጥፍ ነው።»

ጋሼ፣ እንዳይለጥፉት። ስሙ የተለጠፈ ሰው ገንዘቡን አያመጣም፣ ጠብ ይዞ ይመጣል። ሌላው ደንበኛም «ነገ የኔም ስም ይሆናል» ብሎ ይሸሻል።

ደብተሩን ይዘው አንድ ማታ ይቀመጡና ስሞቹን በሁለት ይክፈሏቸው። ደሞዙ ያልተቋረጠበት ሰው አለ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ አስተማሪ። እነዚህ ያኔ የወሰዱት ቸግሯቸው ሳይሆን ፈርተው ይሆናል። ሁሉም ሰው ዘይትና ፓስታ ሲያከማች ትዝ ይልዎታል። ከነሱ ይጀምሩ፣ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን። ሌላው ደግሞ ሥራው ራሱ የጠፋበት ነው። ሆቴል አስተናጋጅ፣ አስጎብኚ፣ የቀን ሠራተኛ። ሆቴሉ በሩን ቢከፍት እንኳ ቱሪስቱ ገና አልመጣም። ከነዚህ ጋር በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንዲያመጡ ይስማሙ። ሃምሳ ብርም ትሁን። ዋናው ገንዘቡ አይደለም፣ በሱቁ በር እንደገና ማለፍ መጀመራቸው ነው።

እታች ሱቅ በጥሬ የሚገዙትን ነገር እኔም ታዝቤያለሁ። ክፋት ብቻ አይደለም። ያለበትን ሳይከፍል እርስዎ ፊት ጥሬ ብር ማውጣት ያፍራል። መንገዱን ይክፈቱላቸው። «የድሮው በቀስታ፣ የዛሬው በጥሬ» ብለው ይንገሯቸው፣ እፍረቱ ይቀልላል። አዲስ ዱቤ ግን አሮጌው ግማሽ እስኪደርስ የለም። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ለማንም ከሌሎች ፊት አይናገሩ። ልጁን «አባትህን ንገረው» ብሎ መላክም ነውር ነው። አንዳንድ ሱቅ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ልጁ ሁለተኛ እዚያ ሱቅ አይላክም። አዲሱን ባለ 200 ብር ይዞ የሚመጣውን ደግሞ «ዝርዝር የለም» ብለው አይመልሱት፣ ከዕዳው ላይ ይቀንሱለት!

«አከራዬ ጳጉሜን ላይ ምንም አላለም። መስከረም ሲገባ ‹አዋጁ አልቋል፣ አንድ ሺህ ጨምር ወይ ልቀቅ› አለኝ። ደሞዜ ገና ወደ ድሮው አልተመለሰም።»

በአዋጁ ጊዜ ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ክልክል ነበር። አዋጁ ሲያበቃ ክልከላውም አብቅቷል። በጽሑፍ ውል ካለህና ዘመኑ ካላለቀ፣ ዋጋውን በመሀል ብቻውን ሊቀይረው አይችልም። ውሉን አሳየው። የቃል ውል ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ተከራይ፣ ድርድር ነው ያለህ። ስታወራው ሁለት ነገር አስታውስ። አንደኛ፣ በዳር ሰፈሮች «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ምን ያህል እንደበዛ ዞር ብለህ ተመልከት፤ ያ አንተን ይረዳሃል። ሁለተኛ፣ አከራይህም የኮንዶሚኒየም ዕዳውን ለባንክ እየከፈለ ሊሆን ይችላል። ጭማሪው በሁለት ጊዜ ይከፈል፣ ግማሹ ከጥር፣ ግማሹ ከሚያዝያ በለው። በጽሑፍ ይሁን።

«አክስቴ ከገጠር መጣች። ሦስት ጊዜ ካልሳመችኝ ሰላም ያልኳት አይመስላትም። በክርን ሰላም ስላት ‹ምን አጠፋሁ?› ብላ አለቀሰች።»

ክርኑን ተዪው፣ ለአዛውንት አይሆንም። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ዝቅ ብለሽ እጅ ንሺ። ይሄን ታውቀዋለች፣ ከመሳምም በላይ አክብሮት ነው። ከቻልሽ ጉልበቷን ሳሚ።

«ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ቤት ነው ያለው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ሲባል እሱ ዘለለ፣ እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ዓመት ቢቀር ምን ይሆናል?» (ከሰሚት)

በዕቅዱ መሠረት አዲስ አበባ የምትጀምረው ሰኞ ጥቅምት 30 ነው። ተማሪው በፈረቃ ነው የሚገባው፣ በአንድ ክፍልም ከ20 እስከ 25 ልጅ ይሆናል ተብሏል። ባለፈው ዓመት ያን ያህል ቦታ አልነበረውም። እኔ ብሆን እልከው ነበር። ቤት በዕድሜ የገፋ ወይም ቋሚ ሕመም ያለበት ሰው ካለ መጠንቀቁ ይጨምራል፣ መቅረቱ ግን ይብሳል። ዳር ሰፈር ያለ ልጅ ኢንተርኔት እያጣ፣ በቴሌግራም የሚላክ ወረቀት ለመክፈት የእናቱን ስልክ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሌላ ዓመት ቢጨመርበት ማንበቡን ይረሳል።

እንቅልፍ ያሳጣሽን በሥራ ቀይሪው። ሰኞ ሳይደርስ ትምህርት ቤቱ ሂጂና ሦስት ነገር በዓይንሽ እዪ። ውሃ አለ ወይ? የመጸዳጃው በር ላይ ሳሙና አለ ወይ? የክፍሉ መስኮት ይከፈታል ወይ? ውሃ ከሌለ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ሆናችሁ ሮቶ እንዲሞላ ጠይቁ። ሁለት ማስክ ስጪው፣ አንዱ በፌስታል ቦርሳው ውስጥ ይሁን። ከጓደኛው ጋር ማስክ እንዳይቀያየር ንገሪው። ልጆች ባለ ካርቱኑን ማስክ ይለዋወጣሉ። ፈረቃው የትኞቹ ቀናት እንደሆኑም አሁኑኑ ጠይቂ፣ ሰኞ ጠዋት በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው።