ድምፅ አለው ምስል የለውም ላልሽው ቲቪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፤ እኛም ቤት ይሄው ነገር ደርሶ ነበር። ለእናትሽ የገዛሽው 43 ኢንች ቲቪ ዋስትናው አልቋል፣ ድምፅ አለው ምስል የለውም። የሸጠልሽ ሱቅ «መለዋወጫው አይገባም» ብሎ መልሶሻል፤ የሰፈራችሁ ጠጋኝ ደግሞ ሳይከፍተው «ስክሪኑ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» አለ። ከስር ያሉትን መልሶች አነበብኩ። ግማሹ «ጣይው» ይላል፣ ግማሹ የጠጋኝ ስልክ ቁጥር ይለጥፋል። እስቲ መጀመሪያ መሞቱን እንወቅ።

ማታ መብራት አጥፊና ቲቪውን ክፈቺው። የስልክሽን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግተሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርገሽ አብሪበት። ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ሰው ሲንቀሳቀስ ወይም የሜኑ ጽሑፍ ከታየሽ ስክሪኑ ደህና ነው። የጠፋው ከጀርባው ሆኖ የሚያበራለት ባክላይት ነው። እዚያ ውስጥ በቀጭን ስትሪፕ (ረጅም ሰቅ) ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ኤልኢዲዎች፣ ማለትም አምፖሎች፣ አሉ። ብዙ ጊዜ በተከታታይ ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጨልማል። በጣም የተለመደ ብልሽት ነው፣ ይሠራል። ስክሪኑ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እርሺው። ፓነል (ስክሪኑ ራሱ) ቢገኝ እንኳ ዋጋው ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም።

ሱቁ «አይገባም» ያለሽ ዋሽቶ አይመስለኝም። እነሱ የሚያስመጡት ያለቀለት ዕቃ ነው፤ ለአንድ ሞዴል ብሎ ቦርድና ስትሪፕ በኮንቴይነር የሚጭን የለም። አሁን ደግሞ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። አዲስ ቲቪ ግዙ ማለት ቀላል ነው፣ ከፋዩ ግን አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው ድሮ «ለጥገና ይህን ያህል?» የምንለው ሒሳብ ዛሬ ትርጉም ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው የሚሳሳተው በቲቪው ስም መለዋወጫ ሲፈልግ ነው። «የእንትን ቲቪ ባክላይት አለ?» ብለሽ ብትዞሪ ቀኑን ሙሉ «የለም» ስትባዪ ትውያለሽ። ስሙን ተዪው፣ ቁጥሩን ያዢ። ቲቪው ሲከፈት ስትሪፑ ላይም ቦርዱ ላይም የታተመ ቁጥር አለ። ውጭው የተለያየ ስም የተለጠፈበት ቲቪ ውስጡ አንድ ዓይነት ፓነልና ስትሪፕ ሊኖረው ይችላል፤ ፋብሪካዎቹ የሚገዙት ከጥቂት አምራቾች ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ሲከፍተው ቁጥሩን ፎቶ አንሺ፣ የስትሪፑን ርዝመት ለኪ፣ ስንት አምፖል እንዳለው ቁጠሪ። እያንዳንዷ ኤልኢዲ 3 ቮልት ትሁን 6 ቮልት ጠይቂው። ይቺን ካላወቀ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። 3 በነበረበት 6 ከገባ ወይ አይበራም ወይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከዚያ «ቦርዱም ሞቷል» ይልሻል። ሌላው፣ የተቃጠለችውን ብቻ ለውጡልኝ አትበዪ፤ ሌሎቹም እኩል ያረጁ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየሩ።

ቦታውን በተመለከተ መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ ጀምሪ። እዚያ ካጣሽ ምናለሽ ተራ አለልሽ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ዕቃ መጨረሻው እዚያ ነው፤ ልጅ በኳስ ስክሪኑን ያደቀቀው ቲቪ ባክላይቱም ቦርዱም ደህና ሆኖ እዚያ ይጠብቅሻል። ያንቺ ደግሞ የጠፋው ባክላይቱ ከሆነ በተቃራኒው ስክሪኑ ደህና ነው፣ እና ሁለት ሙት ተጋግዘው አንድ ያስነሳሉ። ፒያሳ የምታውቂው ጠጋኝ ካለ ደውለሽ ሂጂ። በ2016 ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ስንቱ ባለሙያ ተበትኗል። በነገራችን ላይ ቲቪውን ተሸክመሽ መርካቶ አትውረጂ፤ ፎቶውና ልኬቱ ይበቃል። የግድ ከተጓጓዘም አቁመሽ እንጂ አስተኝተሽ አትጫኚው።

ስለ ጠጋኝ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከዕቃው በላይ የሚከብደው ሰውየው ነው። የኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያነሳል ወይስ አያነሳም? የምሄድበት ሰውዬ ተግባረ ዕድ የተማረ ሽማግሌ ነው፣ ወሬ አይወድም። የወንድሜ ሞኒተር አልበራ ብሎ ስንወስድለት ከፍቶ ፓወር ቦርዱን (ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ቦርድ) ወደ መብራት አዞረውና በጣቱ አሳየን፤ አንዷ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ጭንቅላቷ እንደ ቂጣ ቡፍ ብሏል። 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት የምትል ናት። 10 ቮልት አልነበረውም። ከጠረጴዛው ስር አንድ የሞተ ዲሽ ሪሲቨር አወጣ፣ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ነቀለ፣ ለካው፣ ገጠመው። ማይክሮፋራዱ እኩል መሆን አለበት፣ ቮልቱ ቢበልጥ ችግር የለም፣ ከቀነሰ ግን ሊፈነዳ ይችላል አለን። ሙቀቱም 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈበትን ነው የመረጠው። ሞኒተሩ እስካሁን ይሠራል። አንቺ ግን ዩቲዩብ አይተሽ ፓወር ቦርድ እንዳትነኪ! ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ 300 ቮልት ገደማ ሊቀር ይችላል።

ሌላ ዓይነትም አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ ለማራገቢያ ጽዳት ተቀብሎ 8 ጊጋ ራሙን 4 አድርጎ መለሰለት፤ «ድሮም እንዲህ ነበር» አሉት፣ ማስረጃ የለውም፣ በቃ ውሃ በላው። ስለዚህ ከመስጠትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ስልክ ከሆነ *#06# ደውለሽ የሚመጣውን ቁጥር ጻፊ። ቲቪ ከሆነ ቦርዶቹ ላይ በማርከር ምልክት አድርጊ። አይከፋም፤ ቢከፋውም ይክፋው። ቀብድ ከጠየቀ ለዕቃው መግዣ ብቻ ስጪ፣ የእጅ ዋጋ ሲያልቅ ነው። የተነቀለውን አሮጌ ዕቃም መልስልኝ በዪው። ቢያንስ የአንድ ወር ዋስትና በወረቀት ላይ ካልጻፈልሽ ተደራደሪበት።

ከስር ስለ ስልክ ዲስፕሌይ የጠየቅከው ልጅ፣ ላንተም አጠር አድርጌ። «ኦሪጅናል ነው» ሲሉህ ዓይነቱን ጠይቅ። ስልክህ ኦኤልኢዲ (ያለ ባክላይት ራሱ የሚያበራ ስክሪን) ሆኖ ርካሽ ኤልሲዲ (ባክላይት የሚፈልገውን) ከገጠሙልህ ይበራል፣ ነገር ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። የጣት አሻራ ማንበቢያው ከስክሪኑ ስር የሆነ ስልክ ደግሞ አሻራህን ማንበብ ያቆማል። ፈረንጆቹ ተገላግለዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት በእነሱ አቆጣጠር ከሰኔ 2025 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ሽያጩ ካቆመ በኋላም ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲኖረው ያስገድዳል። የኛ 7 ዓመት ምናለሽ ተራ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ፣ ዱባይም ይሁን ጓንዡ፣ ስም ሳይሆን የቁጥሩን ፎቶ ላኪለት። ስትሪፕ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በካርቶን መሀል አድርጎ ይጠቅልለው። ባትሪ የምታስመጡ ደግሞ ለየብቻው የሚጓዝ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ሰው አታስቸግሩ።

ቲቪው ከተሠራ በኋላ ሴቲንግ ገብተሽ ባክላይቱን ወደ ግማሽ ገደማ አውርጂው። ከሱቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው የሚሆነው፣ ኤልኢዲዎቹንም የሚጨርሳቸው ያ ሙቀት ነው። እናትሽ ቀኑን ሙሉ የሚከፍቱት ከሆነ በተለይ። መብራት ሲሄድም ከሶኬት ይነቀል፣ ሲመጣ ትንሽ ጠብቀው ይሰኩት። ተራ ዲቫይደር ከዚህ አያድንም፤ አቅም ካለሽ ስታብላይዘር ግዢ።

የማታውን ሙከራ አድርጊና ምን እንደታየሽ እዚሁ ጻፊ። ባክላይት ከሆነና ጠጋኙ ሲከፍተው የስትሪፑን ቁጥር ካገኘሽ ለጥፊልኝ፤ ቅዳሜ መርካቶ ስለምወርድ ለሽማግሌው አሳየዋለሁ።