ሚዛኑን አልነካም ብዬ ከሥራ ወጣሁ

ጥያቄ፦ አባቴ ይፍቱኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 4 ዓመት እህል ነጋዴ ዘንድ ሚዛን ላይ ሠርቻለሁ። ባለፈው መኸር አሠሪዬ ሚዛኑን ነካክቶ የገበሬውን ገብስና ባቄላ በኩንታል 3 ኪሎ ቀንሶ እንዲያሳይ አደረገና «አንተ የሚያሳይህን ብቻ ጻፍ» አለኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ። ይኸው 5 ወር ሆነኝ። ኪራዩን የምትከፍለው ባለቤቴ ናት። አጎቴማ «እስቲ ጽድቅህን ቀቅለህ ብላ» ይለኛል። ክርስቶስን መከተል ዋጋ ያስከፍላል ሲባል ሰምቼ ከፈልኩ። የኔስ ዋጋ መቼ ነው የሚከፈለኝ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። የአጎትህ ነገር አሳቀኝ፤ እኔም እንዲህ የሚል አጎት ነበረኝ።

«ዋጋ» የምትለዋን ቃል አንዴ ለከፈልከው፣ አንዴ ለምትጠብቀው ተጠቀምክባት። አልተሳሳትክም። ጌታ ስለ እርሱ ለሚሰደዱት «ዋጋችሁ በሰማያት ታላቅ ነውና» ብሏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደግሞ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል። ኪሳራ የምትለዋን ከኔ ይልቅ እናንተ የእህል በረንዳ ሰዎች ታውቋታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የወጣኸው ስለ ሚዛኑ ብቻ ነው ወይስ ሰውዬውን በገበያተኛ ፊት ሰድበኸው? በአፋችን ያመጣነውን መከራ መስቀል ብለን የምንሸከም ሞልተናል። አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለ ሚዛኑ ብቻ ከሆነ ግን አባይ ሚዛን እግዚአብሔር የሚጸየፈው ነገር ነውና ደግ አደረግህ።

በ13 ዓመቴ ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ዜማ ልማር ብዬ ከመንዝ ወጣሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ። አንድ ቀን ጣርማበር ላይ ጉሙ ሰውን ከሰው አያስተያይም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ድምፄን ሳሰማ ውሻው ባቴን ይዞ ዘነጠለኝ። ዱላዬ ከእጄ ወድቋል። አንዲት እናት በባዶ እግራቸው ወጥተው ውሻውን አባረሩልኝ፤ ምድጃ ዳር አስቀምጠው ቁስሌን በለብታ ውኃ አጠቡልኝ፤ ትኩስ የባቄላ ንፍሮም አኮፋዳዬ ውስጥ ገለበጡልኝ። «የማን እናት ታለቅስልህ ይሆን፣ ልጄ» አሉኝ። የንፍሮው ሙቀት በደበሎው አልፎ ጎኔ ላይ ይሰማኝ ነበር።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቤትንና እናትን ለተወ ሰው በዚህ ዘመን መቶ እጥፍ ቤትና እናት ይሰጠዋል ይላል፤ «ከስደት ጋር» የምትለዋንም ጨምሮ። ሰባኪው ብዙ ጊዜ ይህችን ይዘላታል። እኔ ግን ውሻውንም እናቲቱንም ያገኘሁት አንድ ደጃፍ ላይ ነው።

ስለዚህ የተሻለ ሥራ ይመጣልሃል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም። እንዲህ የሚሉ ስብከቶች አይጥሙኝም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ከደብረ ሊባኖስ የታፈሱ ዲያቆናት እዚያው አንተ ያለህበት ደብረ ብርሃን አካባቢ ተረሽነዋል፤ የጣልያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት 129 ናቸው ብሏል። ደቀ መዛሙርት ነበሩ። እዚህ ምድር ላይ ማን ሒሳባቸውን መለሰላቸው? ያንተን ለማሳነስ አይደለም፤ የቤት ኪራይም መከራ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ጠይቅ፤ በመኸር ሚዛን የሚይዝ ታማኝ ሰው ሳያስፈልጋቸው አይቀርም።

አንድ የቀረኝ፦ አጎትህ ያለውን ቃል በቃል ጻፍክልኝ። ያንን ሁሉ ወር ኪራይ የከፈለችው ባለቤትህ ስለ ሚዛኑ ምን እንዳለች ግን አንዲት ቃል አልጻፍክም። ዛሬ ማታ ጠይቃትና መልሷን ላክልኝ።